13 ተጫውቶ 13 መሸነፍ፦ ዌስት ፖይንት በ2003 ምን ነካው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፣ ቦታው የፊት መስመር ነው። ሰሞኑን ከዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ አሰልጣኞች ደብዳቤ መጣለትና ቤታችን ሰርግ ቤት ሆነ። ለሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ‹እነዚያ እኮ በ2003 13 ተጫውተው 13ቱንም የተሸነፉ ናቸው› ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ነው? በአካል ብቃትና በዲሲፕሊን የሚኮራ የወታደር ትምህርት ቤት በጉልበት ጨዋታ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ልጄንስ ወደዚያ ልላከው?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባዎ አልዋሸም። በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠቅሰው) የዌስት ፖይንት ቡድን፣ በተለምዶ «አርሚ» የሚባለው፣ 13 ጨዋታ አድርጎ አንድም አላሸነፈም። በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ደረጃ በአንድ ዓመት 13 ጊዜ ተሸንፎ ያለ ድል የጨረሰ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ባልደረባዎ የሚስቅበት ነገር ካነሰው እኔ ልጨምርለት፦ የዚያ ዓመት መደበኛ የጨዋታ ብዛት 12 ነበር። 13ኛው የተገኘው ሃዋይ ድረስ ሄዶ ለሚጫወት ቡድን አንድ ተጨማሪ ጨዋታ የሚፈቅድ ደንብ ስላለ ነው። ክብረ ወሰኑን ለማስመዝገብ ግማሽ ውቅያኖስ መብረር ነበረባቸው ማለት ነው። ኢስት ካሮላይና የሚባለው ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት 12 ተጫውቶ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ያቺን አንዷን ያገኛት ከአርሚ ነው፣ 38 ለ32።

ግርምትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው ጦሩ ስፖርተኛ ሲያወጣ እያየን ነው። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ማሞ ወልዴም እንደዚሁ። ዛሬም መቻል፣ ብዙዎቻችን መከላከያ ብለን የምናውቀው ክለብ፣ ሲጫወት ስናይ «የጦር ክለብ» ማለት በጀት ያለው፣ የፈለገውን የሚያስፈርም ማለት ይመስለናል። ዌስት ፖይንት ክለብ አይደለም፤ የመኮንን ማሠልጠኛ ነው። መቻል አጥቂ ሲያጥረው ገበያ ወጥቶ ያስፈርማል። ዌስት ፖይንት ተጫዋች ሲያጥረው ለአንድ የ17 ዓመት ልጅና ለእናቱ ስለ ካልኩለስ፣ ከኮንግረስ አባል ስለሚገኝ የዕጩነት ደብዳቤ፣ ከምረቃ በኋላ ስላለው የአምስት ዓመት የውትድርና ግዴታ ማስረዳት አለበት። ልጁ በዚያው ሳምንት ሌላ ትምህርት ቤት ጠርቶት ስለ ፕሮፌሽናል ሊግ ነግሮታል።

እኔ ለዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊት መስመር ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከልጅዎ ቦታ ልጀምር፤ የፊት መስመር ማለት ተጋጣሚን በጉልበት እየገፋ ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ የሚከፍት ነው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች 140 ኪሎ የሚመዝን የፊት መስመር ተጫዋች ብርቅ አይደለም። በጦር አካዳሚዎቹ ከዚያ 15 እና 20 ኪሎ ያነሰ ሰው እዚያው ቦታ ቆሞ ያገኙታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይህ ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል፣ የሠራዊቱን የክብደትና የሩጫ መለኪያ ማለፍ አለበት። በሚጫወትበት ጊዜ ይታለፍለታል፤ የመጨረሻው ጨዋታ እንዳለቀ ግን ሚዛኑ ይመጣል። አንድ ያሠለጠንኩት ልጅ ከአካዳሚ የመጨረሻ ዓመት ጨዋታው በኋላ በትንሣኤ ሰሞን ቤቱ መጣ። እናቱ በሩን ከፍታ ፊቱን አየችና «ምን አገኘህ ልጄ?» ብላ እዚያው አለቀሰች። 22 ኪሎ ቀንሶ ነበር። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ይስቃል፤ እሷ ግን ያን ቀን ዶሮውን እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

ወደ ሌሎቹ ገደቦች ስንሄድ፣ ሌላ ትምህርት ቤት አንድን ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ሳያጫውት ክብደት እንዲጨምር አድርጎ አምስት ዓመት ያቆየዋል። አካዳሚ ውስጥ በአራት ዓመት መመረቅ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት በክረምቱ ዕረፍት ክብደት ሲያስነሳው፣ የአካዳሚው ልጅ ጫካ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ደግሞ ገና ከቤት እንደወጣ ስድስት ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ነው፤ ብዙዎቹ ኪሎ ጨምረው መምጣት ሲገባቸው ቀንሰው ይወጣሉ። ክፍል ውስጥ ከ1817 እስከ 1833 አካዳሚውን ከመሩት ከሲልቫነስ ታየር የወረደ ልማድ አለ፦ ትምህርቱን ራስህ አንብበህ ትመጣለህ፣ ከዚያ በየቀኑ ትጠየቃለህ። ትናንት ማታ ከልምምድ ስለገባህ አላነበብክም ማለት አይሰራም። ከ2021 ወዲህ ሌሎች የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ያገኛሉ፤ የአካዳሚ ልጆች ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆኑ ይህ ገበያ ተዘግቶባቸዋል። ቡድን መቀያየሩም ለሌሎች ተከፍቷል፤ ወደ አካዳሚ ለመዛወር የሚፈልግ ግን ሦስተኛ ዓመት ደርሶም ቢሆን እንደ አዲስ ምልምል ፀጉሩን ተላጭቶ ከአንደኛ ዓመት መጀመር አለበት። ማን ይመጣል?

ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲያ መሸነፋቸው ምን ይገርማል» ሊሉ ይችላሉ። ችግሩ ይህ ማብራሪያ የ2003ን ሽንፈት ጨርሶ አይገልጸውም። እነዚህ ገደቦች አብዛኞቹ በ1996ም ነበሩ፤ ያኔ አርሚ 10 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፏል። ሜሪላንድ፣ ከእርስዎ ቤት በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ርቀት፣ አናፖሊስ ላይ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚም በእነዚያው ገደቦች ውስጥ ነው ያለው። እሱ በዚያው በ2003 8 አሸንፎ 5 ተሸንፏል። የኢራቅ ጦርነት በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ስለጀመረ ወላጆች ፈርተው ነው የሚሉም አሉ። ጦርነቱ ግን ለሁለቱም አካዳሚ እኩል ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ነበር? የእኔ መልስ አንድ ነው፦ አርሚ ከሌሎች የተለየ ሰው ይዞ እንደ ሌሎች ለመጫወት ሞከረ።

ይህን ለማስረዳት አንድ አጨዋወት በቅርብ ላሳይዎት። «ኦፕሽን» ይባላል፤ ልጅዎ ያውቀዋል፣ ሳሎን ውስጥ ወንበር አስቀምጦ ያሳይዎ። ኳሱ ሲነሳ ኳርተርባኩ፣ ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች፣ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ከኋላው ያለው ጠንካራ ሯጭ፣ ፉልባኩ፣ በሙሉ ፍጥነት ወደ መሃል ይመጣል። ኳርተርባኩ ኳሱን የፉልባኩ ሆድ ላይ ያስቀምጣል፣ ግን አይለቅም። አራት እጅ አንድ ኳስ ይዞ አንድ እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። በዚያች ቅጽበት የኳርተርባኩ ዓይን ኳሱ ላይ አይደለም። ሆን ተብሎ ማንም ሳይገፋው በተተወ አንድ ተከላካይ ላይ ነው። ያ ሰው ፉልባኩን ለመያዝ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ኳርተርባኩ ኳሱን መንጭቆ በውጭ በኩል ይሮጣል። ሰውየው ወደ ውጭ ከቀረ፣ ኳሱ ለፉልባኩ ይለቀቃል። ኳርተርባኩ በውጭ በኩል ከወጣ ደግሞ ሌላ ያልተነካ ተከላካይ ይጠብቀዋል። እሱ ወደ ኳርተርባኩ ሲጠጋ፣ ኳሱ ከጎን ለሚሮጠው ሦስተኛ ሰው ይወረወራል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱ። ሁለት ተከላካዮችን ሳትገፋ ከተውካቸው፣ እነሱን መግፋት የነበረባቸው ሁለት ሰዎችህ ሌላ ሰው ለመግፋት ነፃ ይሆናሉ። ከዚያም በላይ፣ የተተወው ሰው ብዙ ጊዜ የተጋጣሚው ትልቁና አደገኛው ተጫዋች ነው። 120 ኪሎ ያለው የአካዳሚ ልጅ እሱን በጉልበት ማንቀሳቀስ አይጠበቅበትም። ሰውየው ምንም ቢመርጥ ስህተት እንዲሆን ይደረጋል። የቀሩት የፊት መስመር ልጆች ደግሞ ዝቅ ብለው፣ ፈጥነው፣ የተጋጣሚን እግር ይመታሉ፤ በዚህ ሥራ ማጠር ጥቅም ነው። ትዕዛዝ አክብሮ ያንኑ እርምጃ ሺህ ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ ከእጩ መኮንን በላይ ለማን ይሆናል? ሌላም ነገር አለ። ተጋጣሚዎች ይህን አጨዋወት በዓመት አንዴ ነው የሚያዩት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ልምምድ የእነሱ ተጠባባቂ ተጫዋቾች ኦፕሽንን መምሰል አይችሉም፤ ቅዳሜ ሜዳ ላይ የሚመጣባቸው ፍጥነት ሌላ ነው።

ሰዓቱንም ይበላል። በ2018 አርሚ ኦክላሆማ ሄዶ፣ በአገሪቱ ካሉት አስፈሪ አጥቂዎች አንዱን ይዞ የሚጫወት ቡድን ገጠመ። ከ60ው ደቂቃ ኳሱን 44 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ያህል የያዘው አርሚ ነው። ኳስ ያልያዘ አስፈሪ አጥቂ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ኦክላሆማ በጭማሪ ሰዓት 28 ለ21 አሸነፈ፤ ቢሆንም ያን ምሽት ያየ ሰው ትንሹ ልጅ ትልቁን እንዴት እንደሚያስጨንቅ አይቷል።

አርሚ ይህን ትምህርት ከ2003 በፊት አንዴ ተምሮት ነበር። በ1983 ጂም ያንግ የሚባል አሰልጣኝ መጣ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ እንደ ሌላው ሊጫወት ሞክሮ 2 አሸነፈ፣ 9 ተሸነፈ። በ1984 ዊሽቦን ወደሚባለው የኦፕሽን አሰላለፍ ዞረ። 8 አሸንፎ፣ 3 ተሸንፎ፣ በአንዱ አቻ ወጣ። ከዚያም አካዳሚው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመት መጨረሻ «ቦውል» ጨዋታ ገባ፤ ሚሺጋን ስቴትን 10 ለ6 አሸነፈ። ተከታዩ ቦብ ሳተንም በዚሁ ቀጥሎ ነው የ1996ን 10 ድል ያመጣው።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በ1998 አርሚ ነፃነቱን ትቶ ኮንፈረንስ ዩኤስኤ የሚባል ምድብ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ቋሚ ተጋጣሚ፣ የቴሌቪዥን ገቢ፣ የሚታገሉለት ዋንጫ። ግን ተጋጣሚዎቹ በየዓመቱ የሚመላለሱ ፈጣን ቡድኖች ሆኑ፣ እናም ኦፕሽንን በዓመት በዓመቱ እያዩ ለመዱት። በሰባት ዓመት ውስጥ በምድቡ 9 አሸንፈው 41 ተሸነፉ። ሳተን ከ1999 መጨረሻ በኋላ ተሰናበተ፤ በምትኩ ከኢሊኖይ ስቴት ቶድ ቤሪ መጣ። ቤሪ በታችኛው ደረጃ ኳስ በመወርወር የተሳካለት ሰው ነበር። ኦፕሽኑን ዘግቶ ወርዋሪ ቡድን ሊሠራ ተነሳ።

ስለ ቤሪ ሲነሳ ሰው ሁሉ ይቀልዳል፤ እኔ አልቀልድም። ያደረገው ነገር ምክንያት አለው። ኦፕሽን ከኋላ ተነስቶ ለመድረስ አይመችም፤ 17 ነጥብ ከተመራህ ሰዓቱ ራሱ ጠላትህ ይሆናል። ጎበዝ ኳስ ተቀባይ ልጅም ኳስ ወደማይወረወርበት ቡድን አይመጣም። ግን ለመወርወር የፊት መስመርህ ወደ ኋላ እያፈገፈገ 140 ኪሎውን ሰው ለሦስት ሰከንድ፣ ለአራት ሰከንድ ፊት ለፊት ማቆም አለበት። ብልሃት የለበትም፣ ማሳሳት የለበትም፤ ክብደት ለክብደት ነው። እኔ የማውቀው ሥራ ይህ ስለሆነ እርግጠኛ ሆኜ እነግርዎታለሁ፤ በዚያ ውጊያ 20 ኪሎ የሚበልጥህ ሰው በአራተኛው ሩብ ላይ ያሸንፍሃል። ኳርተርባኩ ይወድቃል፣ ወይም ተቻኩሎ ኳሱን ለጠላት ይወረውራል። ተከላካዮችህም ዕረፍት ሳያገኙ ወዲያው ይመለሳሉ። የቤሪ ውጤት በ2000 አንድ ድል፣ በ2001 ሦስት፣ በ2002 አንድ ሆነ። በ2003 ስድስት ተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ በጥቅምት ወር ተሰናበተ። ድምሩ 5 ድልና 35 ሽንፈት ነው። ረዳቱ ጆን ማምፎርድ በጊዜያዊነት ቀሪዎቹን ሰባት መራ፤ ሰባቱንም ተሸነፈ። በዓመቱ መሃል አጨዋወት መቀየር አይቻልም፣ ምክንያቱም የመለመልካቸው ልጆች ለሌላ ሥራ የመጡ ናቸው።

አናፖሊስን ደግሞ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። በ2001 ባሕር ኃይሎቹ 10 ተጫውተው 10ሩንም ተሸንፈዋል፤ ካሸነፏቸው አንዱ ይኸው ደካማ የሚባለው አርሚ ነው፣ 26 ለ17። ለቀጣዩ ዓመት ፖል ጆንሰንን ቀጠሩ። ጆንሰን የኦፕሽን ሰው ነው፣ ሌላ ነገር አይሸጥም። በ2002 ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፤ አንዱ አርሚን 58 ለ12 የረታበት ነው። በ2003 ስምንት አሸነፈ። አንዱ አካዳሚ ኦፕሽንን ጣለ፣ ሌላው አነሳው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቦታ ተቀያየሩ። በስፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ታኅሣሥ 6 ቀን ፊላዴልፊያ ላይ ነበር፣ አርሚ ከባሕር ኃይል። 34 ለ6 አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንገርዎ። ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች አብረው ይሄዱና መጀመሪያ በተሸናፊው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት ይቆማሉ። የተሸናፊው መዝሙር ይዘመራል፣ አሸናፊዎቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው በአክብሮት ይቆማሉ። ከዚያ አብረው ወደ ሌላው ወገን ተሻግረው የአሸናፊው መዝሙር ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለቱም አካዳሚ ዓመቱን ሙሉ የሚመኘው «ሁለተኛ መዘመር» ነው። የ2003ዎቹ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች መጀመሪያ ዘመሩ። በቀጣዩ የጸደይ ወራት ተመርቀው ምክትል መቶ አለቃ ሆኑ፣ አገራቸው ሁለት ጦርነት ላይ ነበረች። ስለዚህ «ዲሲፕሊን ጎደላቸው» ወይም «ፈሪ ነበሩ» የሚለው መላ ምት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሽንፈቱ በ2004ም ቀጥሎ 19 ጨዋታ ደረሰ። አሰልጣኙ አሁን ቦቢ ሮስ ነበር፤ ጆርጂያ ቴክን በ1990 የአገር ሻምፒዮንነት ያስገኘ፣ ሳንዲያጎ ቻርጀርስን ሱፐር ቦውል ያደረሰ፣ በ66 ዓመቱ ከጡረታ የተጠራ ትልቅ ሰው። ጥቅምት 9 ቀን 2004 ሲንሲናቲን 48 ለ29 አሸነፉና ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሮስም ቢሆን ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከአራት ድል በላይ ያገኘበት ዓመት የለም። አርሚ ከ1996 በኋላ ካሸነፈው ያነሰ የተሸነፈበት የመጀመሪያ ዓመት 2010 ነው፣ ወደ ኦፕሽን ከተመለሰ በኋላ።

እንዳያስቡኝ፣ ኦፕሽን ጠበል አይደለም። አርሚ ኦፕሽን እየተጫወተ በ2012 2 ብቻ አሸንፎ 10 ተሸንፏል። የኮሎራዶው የአየር ኃይል አካዳሚ በ2013 ኳርተርባኩ ገና በመክፈቻው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶበት 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት እዚያው አሰልጣኝ ሥር 10 አሸነፈ። አናፖሊስም ከ2020 እስከ 2022 ሦስት ዓመት ተከታታይ ወድቆ አሰልጣኙን አሰናብቷል። በከፊል ሕጉ ተቀይሮባቸዋል። ቅድም ያልኩዎት እግር የመምታት ዘዴ ከ2018 ጀምሮ እየጠበበ መጥቶ፣ በ2022 ከኳሱ መነሻ አካባቢ ውጭ ተከልክሏል። ለተጫዋቾች ጉልበት ደኅንነት ሲባል ነው፤ እንደ አሰልጣኝ ቢቆጨኝም እንደ አባት እቀበለዋለሁ።

ለዚያም ነው አርሚ በ2023 እንደገና የተፈተነው። አሰልጣኙ ጄፍ ሞንከን፣ ከ2014 ጀምሮ ያለው፣ ሕጉን ፈርቶ ኳርተርባኩን ወደ ኋላ ያራቀ ዘመናዊ አሰላለፍ ሞከረ። 6 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በ2024 ወደ ድሮው ተመለሰ፣ አዲሱን ሕግ በሚያስማማ መልኩ። 12 አሸነፈ፣ 2 ተሸነፈ፣ ቱሌንን 35 ለ14 ረትቶ አዲስ የገባበትን ምድብ ዋንጫ ወሰደ። ኳርተርባኩ ብራይሰን ዴይሊ በሩጫ ብቻ 32 ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ) አስቆጠረ። ባልደረባዎ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ይንገሩኝ።

አሁን ወደ ልጅዎ። በመጀመሪያ ደስታዎን ላደብዝዝ፦ ደብዳቤ ጥሪ አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ልጆች ይላካል። ቁም ነገሩ አንድ አሰልጣኝ በስም ደውሎ ውጤቱን፣ ትራንስክሪፕቱንና የሙሉ ጨዋታ ቪዲዮውን ሲጠይቅ ነው። ያ ከሆነ፣ ስላለፈው ዓመት ድልና ሽንፈት አይጠይቁት፤ እሱን ማንም ያየዋል። ልጁ በየትኛው የፊት መስመር ቦታ እንደታሰበ፣ ስንት ኪሎ ሆኖ እንዲመጣ እንደሚፈልጉ፣ በቀጥታ ይገባ እንደሆነ ወይስ መጀመሪያ አንድ ዓመት በመሰናዶ ትምህርት ቤታቸው ይቆይ እንደሆነ ይጠይቁ። የመሰናዶውን ዓመት እንደ ውርደት አይቁጠሩት፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በዚያ በኩል ነው የሚገቡት።

የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ልጁ በሚገባበት ጊዜ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ አይበቃም፣ ወረቀቱ ካላለቀ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ያገባ ወይም ልጅ የማሳደግ ግዴታ ያለበት አይወስዱም። ክፍያ የለም፤ ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ መኝታው በመንግሥት ነው፣ ወርኃዊ አበልም አለ። ግን ይህ «ነፃ» የሚለው ቃል ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ ያታልላል። ሒሳቡ የሚከፈለው ከምረቃ በኋላ በአምስት ዓመት ሙሉ አገልግሎትና ከዚያ በኋላ በተጠባባቂነት ነው። ልጁ ሐሳቡን መቀየር የሚችለው የሦስተኛው ዓመት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ዕዳ ሊወጣ ይችላል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ቃሉን ሰጥቷል።

«ወደ ተሸናፊ ቡድን ልላከው?» ላሉኝ፣ እኔ የምፈራለት ሽንፈቱን አይደለም። ልጁ ፉትቦል ባይኖርም እዚያ መማር ይፈልጋል ወይ የሚለውን ነው የምፈራው። ጉልበቱ በመጀመሪያው ዓመት ቢቀደድ፣ ከጠዋቱ ሰልፍ ጋር፣ ከካልኩለሱ ጋር፣ ከዩኒፎርሙ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ጨዋታ በሌለበት ተራ የሳምንት ቀን ይዘውት ይሂዱ። ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር ነው፤ ስታዲየሙ ማይኪ ይባላል። የተሰየመበት ዴኒስ ማይኪ በ1890 የመጀመሪያውን የአርሚና የባሕር ኃይል ጨዋታ ያዘጋጀ እጩ መኮንን ነው፤ ያን ጨዋታ 24 ለ0 ተሸንፏል፣ በ1898 ደግሞ ኩባ ውስጥ ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል። አሸናፊ ጄኔራል ሞልቶ ሳለ ስታዲየማቸውን በእሱ ስም መጥራታቸውን ልጁ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ልብ ይበሉ።

የዕጩነት ደብዳቤውን ከሁለቱ የሜሪላንድ ሴናተሮችና ከአካባቢያችሁ የኮንግረስ ተወካይ ነው የሚጠይቀው፤ ለሦስቱም ያመልክት፣ አንዱን ብቻ ይዞ አይቀመጥ። ቢሮዎቹ ማመልከቻ የሚዘጉት 12ኛ ክፍል እንደጀመረ፣ በመኸር ወራት ነው፤ ቅጹን አሁን 11ኛ ክፍል እያለ ይሙላ። የሕክምና ምርመራውም ጊዜ ይወስዳል፤ በልጅነቱ አስም ነበረበት ከተባለ የድሮ የሐኪም ወረቀቶቹን ይሰብስቡ። ስልኩን ልጁ ራሱ ይደውል፤ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ።